በሐዋ ጓሮ የሠራሁት መደብ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቆቦ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?» «ጓሮዬን ልቆፍር» ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ፣ እውነት አላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ በየሰው ግቢ የአትክልት መደብ ሳዘጋጅ ስኖር፣ የራሴ ግቢ አንድ ቃሪያ እንኳ በቅሎበት አያውቅም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ ነገር ማሳመር ታውቅበታለችና በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «የሰውን ጓሮ ገነት ስታደርጊ ያንቺው የዶሮ መጫወቻ ሁኖ ቀረ» አለችኝ።

ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። አሥር ጊዜ ያህል ቆፍሬ ወገቤን ደግፌ ተቀመጥኩ። መደብ ማዘጋጀት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የኛ የራያ ቆላ ጥቁር አፈር ግን ቀልድ አያውቅም። በበጋ ዶማውን መልሶ ያነጥረዋል፣ በክረምት ደግሞ ይውጠዋል። ለቁፋሮ የሚመችባቸው ቀናት በመካከል ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ያሳለፈ ሰው ወይ ድንጋይ ሲፈልጥ ወይ ጭቃ ሲያቦካ ይከርማል። ይህን ሁሉ ለስንት ሴት ተናግሬ ሳበቃ እኔው ራሴ ቀኑን አሳልፌው ነበር።

እንዲያ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ወገቤ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤት ስሰናበት ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ይዤ ከክፍል ክፍል ዞሬያለሁ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ፈረመ፣ ሒሳብ ፈረመ፣ የሞተር ሳይክሉ ኃላፊም ፈረመ። በእጄ የመንግሥት ንብረት እንደሌለ ሰባት ሰው መሰከረልኝ። ሐዋን ግን ማንም አልጠየቃትም። የሐዋ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ነበርና፣ ያን ዕለት ከዶማዬ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሳልሞት ሄጄ አውፍ በይኝ እላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አውፍ በኛ አገር ይቅርታ ነው። ሙስሊሙ ቃሉን አመጣው፣ እኛ ክርስቲያኖቹም ተቀብለን የራሳችን አደረግነው።

ታሪኩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ።

እኔ ደገኛ ነኝ። ሥልጠናዬን ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብኩትም እዚያው ደጋ ነበር። እዚያ ክረምቱ ሲበረታ አፈሩ ውሃ አርግዞ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን እንሠራለን፣ ውሃው በጎኑ ይወርዳል፣ ጎመኑም ድንቹም ያምራል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቼ ተመሰገንኩ። ምስጋና ደግሞ ለጀማሪ ሠራተኛ ክፉ ነገር ነው፤ የማያውቀውንም የሚያውቅ ያስመስለዋል። ወደ ቆላው ተዛውረሽ ሮቢት አጠገብ ባለው ችግኝ ጣቢያ ትሠሪያለሽ ስባል፣ ደሞዜ ላይ የተጨመረው ከአንድ ጫማ የማያልፍ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ሙቀቱ ግን ሳምንት ሙሉ አስተኛኝ።

አያ ሰይድን ያገኘሁት እዚያ ነው። የችግኝ ጣቢያው ፎርማን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው የሚያስሩ ሽማግሌ። በወረቀት እኔ አለቃቸው ነበርኩ። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ልጄ» አሉኝ፣ እኔም አንቱ አልኳቸው፣ በዚሁ ጸናን።

አያ ሰይድ የሰው ጓሮ ሲገቡ ዶማቸውን አጥር ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሰነፍ መስለውኝ ነበር። ተቀምጠው የቤቱን እመቤት ያዋሯታል። «ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በየት ነው የሚገባው? የት ነው የሚተኛው? ልብስ የምታጥቢበትን ውሃ ወዴት ትደፊዋለሽ? ዶሮዎችሽ የት ነው የሚጭሩት?» ይሏታል። ከዚያ ተነስተው ከሦስት አራት ቦታ አፈር ይቆነጥሩና ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያደርጉታል። ቀምሰው እንትፍ ይላሉ። ጨው ካለው ያውቁታል። ቀጥሎ አንድ እፍኝ ይጨብጣሉ፤ ተጨብጦ ካልፈረሰ «ገና ነው፣ ይድረቅ» ብለው ዶማቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ ተመልሰን አራተኛው ላይ የቆፈርንበት ግቢ አለ።

ሲቆፍሩም እንደኔ አልነበረም። ቢስሚላህ ብለው ይጀምራሉ። የላይኛውን አፈር በቀኝ ይከምራሉ፣ የታችኛውን በግራ። የጉድጓዱን ወለል ሰብረው ለቀናት ክፍቱን ይተዉታል፣ ፀሐይ እንዲመታው። የሰርዶ ሥር አንድ በአንድ እየለቀሙ አጥር ላይ ይሰቅሉታል። «ሰርዶና ሐሜት መሬት ከነካ ይበቅላል» ይሉ ነበር። ጎርፍ ከሚወርድበት ቦይ ደለል በአህያ አስመጥተው ከበሰለ ፍግ ጋር ያዋህዱና የላይኛውን አፈር ይመልሳሉ። መደቡ ሲያልቅ ከመሬት አንድ ስንዝር ዝቅ ያለ ነው፣ ዙሪያውን ክትር አለው፣ ጠብ ያለች ውሃ ሁሉ እዚያው ትቀራለች፣ ጨዉንም ወደ ታች ታወርደዋለች። ከሁሉ የምወደው ስፋቱን የሚለኩበትን መንገድ ነበር። የቤቱን እመቤት ጠርተው ክንዷን እንድትዘረጋ ያደርጋሉ። መደቡን ሳትረግጥ መሐሉ ድረስ መድረስ አለባት። አንድ ቀን በራሴ ክንድ ስለካ አዩኝና፣ «አንቺ ነሽ የምታርሚው?» አሉኝ።

እንግዲህ እኚህን ሰው አጠገቤ ይዤ ነው የተሳሳትኩት።

ሐዋ ሮቢት ዳር፣ ከአስፋልቱ አጠገብ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እኩያዬ ናት። ስምንት ዓመት የሆናት ዘይነባ የምትባል ሴት ልጅና ገና የሚጠባ ወንድ ልጅ ነበሯት። ማሳዋን ለእኩል ሰጥታ ታሳርሳለች፤ ከዚያ የሚደርሳት ግማሹ ነው። የጓሮዋ ማሽላ ግን ሙሉ የሷ ነበር። ያን ዓመት በልጉ ደህና ጥሎ የሚያዝያው ማሽላ ጉልበት ደርሶላት ነበር።

በዚያ ሰሞን ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ ራሱን የሚስት ዓይነት ነበር። «ከመኪና ሳይወርዱ ከአስፋልቱ የሚታይ ሞዴል ጓሮ ይዘጋጅ» አለኝ። ከአስፋልቱ የሚታየው የሐዋ ነው፤ የውሃ ጉድጓድም አላት። ከአስፋልት እንዲታይ ደግሞ መደቡ ከፍ ማለት አለበት። በእጄ ያለው መመሪያ ላይ ያለው ሥዕልም፣ እኔ ደጋ ላይ የተመሰገንኩበትም ከፍ ያለው መደብ ነው። ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ።

ሐዋን ማሽላውን ንቀይው አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። በራያ የበቀለ ማሽላ በእጅ መንቀል ነውር ነው፤ ከብት ቢገባበት እንኳ አገር ይጮሃል። «ወላሂ ይመናሹ፣ የበቀለ እህል ይነቀላል እንዴ?» አለችኝ። እኔም ስለ ቲማቲም፣ ስለ ቀይ ሽንኩርት፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለ መልቀም አስረዳኋት። አፍ ነበረኝ። በመጨረሻ «አንቺ ካልሽ» ብላ ሕፃኑን እንዳዘለች ጎንበስ አለች። ከዳር ጀምራ ነቀለችው፣ እኔም አብሬ ነቀልኩ።

አያ ሰይድ አፈሩን ቀመሱ። እንትፍ አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ አፈር ጨው ጨው ይላል። የጉድጓዱም ውሃ እንዲሁ ነው። ከፍ አታድርጊው» አሉኝ። እኔም «አያ ሰይድ፣ መመሪያው ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ዶማቸውን አነሱ። እንዳዘዝኳቸው ቆፈሩ፣ የቲማቲም ችግኝም ተከልንበት።

እንግዶቹ መጡ፣ ከመኪናው ሳይወርዱ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ሄዱ። ክረምቱ ዘገየ፤ ሐምሌ ባዶውን ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሐዋ ከጉድጓዷ እየቀዳች ጧትና ማታ ታጠጣለች። ከፍ ያለው መደብ ውሃውን ወዲያው በጎኑ ያፈሰዋል፣ የቀረውን ፀሐይ ይጠጣዋል፣ ጨዉ ግን እላይ ይቀራል። መጀመሪያ የችግኙ ቅጠል ጫፉ ተቃጠለ። ቀጥሎ መደቡ ላይ ነጭ ነገር ታየ። ችግኙ ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨምሪ አልኳት፣ ጨመረች። በሦስተኛው ሳምንት መደቦቹ አመድ የተነሰነሰባቸው መስለው፣ ከተተከለው ችግኝ አንድም የቆመ አልነበረም።

ማሽላም የለ፣ ቲማቲምም የለ። የመኸሩ እህል ከመድረሱ በፊት የሐዋ ጎታ ተጠረገ። ዘይነባን ዋጃ ለምትኖረው አክስቷ ሰጠቻት። ለአንድ ክረምት የተባለው ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ዓመት እየወለደ ልጅቷ እዚያው አደገች። ልጅቷ የሄደች ለት ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ትንሽ ፌስታል ይዛ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አያ ሰይድ ሁለት ዶማ ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። «ነይ» አሉኝ ብቻ። ሐዋ ግቢ ሄደን መደቦቹን ማፍረስ ጀመርን። ነጩን አፈር ጠርገን በቃሬዛ ወደ ውጭ አወጣን። ከዚያ እንደ አያ ሰይድ ደንብ ወደ ታች ቆፈርን፣ የላዩን በቀኝ፣ የታቹን በግራ። ሰው የመደብ ቁፋሮ ከባድ ነው ሲል እስከዚያ ቀን እሰማ ነበር እንጂ አላውቅም ነበር። እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ሦስት ሳምንት ሠራን። ሐዋ አንድ ቀን አልሰደበችኝም። አንድ ቀንም ሰላም አላለችኝም። ለአያ ሰይድ ውሃ ታመጣለች፤ እሳቸው ግማሹን ጠጥተው ጣሳውን ለኔ ያቀብሉኛል።

አዲሱ መደብ ሠመረ አሉኝ። አሉኝ የምለው ሄጄ ስላላየሁት ነው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎብዬ ተዛወርኩ፣ ከዚያ ቆቦ። በየሄድኩበት መጀመሪያ መቀመጥን፣ መጠየቅን፣ መቅመስን ተማርኩ፤ ወጣት ባለሙያዎች «አፈር በሊታዋ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስንት ቤት ቃሪያና ቆስጣ ከጓሮው በላ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ መንገድና ገበያ የተዘጋ ጊዜም፣ ከነዚያ መደቦች እየቆረጡ የሰነበቱ ቤቶች አሉ። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። አውቶቡስ ሮቢት ሲደርስ ግን ሁሌም አንገቴን ወደ ማዶ አዞር ነበር።

አያ ሰይድ ሲታመሙ ጠርተውኝ ሄድኩ። በኛ አገር የታመመ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እየጠራ አውፍ ይባባላል። እሳቸው ምን በድለውኝ ነው አውፍ የምለው ብዬ ስስቅ፣ እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ዶማዬን ማስቀመጥ ነበረብኝ። እያወቅሁ ቆፈርኩ። አለቃዬ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ። ሐዋን አስጠርቼ አውፍ አስብያታለሁ። አንቺስ ጠይቀሻታል?» አሉኝ።

«አልጠየቅኳትም።»

«ሳይመሽብሽ ጠይቂያት።»

እሳቸው ካለፉ ስንት ዓመት ሆነ። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ኖርኩ። እንግዲህ ጡረታ ወጥቼ፣ ወገቤን ደግፌ የተቀመጥኩ ቀን ያሰብኩት ይህን ነበር። በማግስቱ ሮቢት ወረድኩ።

ሐዋ ጓሮዋ ውስጥ ነበረች፤ ዝቅ ባለው መደብ ዳር ተንበርክካ ቆስጣ ታርማለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው አወቀችኝ። «ኧረ ይመናሹ! ሸመገልሽ እኮ!» አለችኝ። «አንቺስ?» አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። የመጣሁበትን ነገርኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «የኔን አውፍ ያኔውኑ ብዬሻለሁ። እጅሽ ደም እየሆነ ዶማውን አልለቅም ስትይ በመስኮት አይሽ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ ልቤማ ብሎሻል። የዘይነባን ግን እኔ ልልልሽ አልችልም። እሷ ናት የተሰደደችው፣ እሷ ትበል።»

«ታውቃለች? ነግረሻታል?»

«ምን ብዬ? የበቀለ እህል በገዛ እጄ ነቀልኩ ብዬ ለልጄ ልንገራት? ለማንም አልተነፈስኩም። ያንቺም እንጀራ ነው ብዬ ለአለቃሽ እንኳ አልከሰስኩ።» ከዚያ ወደ መደቡ ዞር አለች። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ዋጃ ሱቅ አላት። ትመጣለች፣ ዕቃ ታስቀምጣለች፣ በዚያው መኪና ትመለሳለች። መጥታ አድራ አታውቅም።»

ዋጃ የሄድኩት በሳምንቱ ነው። እግሬን እየጎተትኩ። ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። ዘይነባ የእናቷን ግንባር ይዛለች፣ ምስር በቁና እየሰፈረች ነበር። «እትዬ፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። ሌላው ገበያተኛ እስኪወጣ ጠበቅኩና ስሜን ነገርኳት። ስሜ ምንም አላላትም። እናቷ እውነትም ለማንም አልተነፈሰችም።

እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ እንግዶቹ፣ ስለ መመሪያው፣ አያ ሰይድ ነግረውኝ ስላልሰማሁት። ጉልበት የደረሰ ማሽላ እናቷን ንቀይው እንዳልኳት፣ ጎታው በዚያ የተነሳ እንደተጠረገ፣ ተቸግራ እንደላከቻት። «አውፍ በይኝ» አልኳት በመጨረሻ።

ዘይነባ ቁና በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ማሽላው ተነቅሎ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። እኔ ነኝ ያስነቀልኳት።»

«የሚበላ ጠፍቶ ነው የላከችኝ?»

«የሚበላ ጠፍቶ ነው።»

«እኔ እኮ…» አለችና አቆመች። ቁናውን ምስሩ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ እኮ ወንድሜን መርጣ መስሎኝ። ሴት ስለሆንኩ ጠልታኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ምን አጠፋሁ እያልኩ ስቆጥር ነው ያደግኩት። አንድ ቀን እንስራ ሰብሬባት ነበር። እሱ ነው ብዬ ነበር።»

ስንት ዓመት የራሴን ጥፋት ሳስታምም፣ ልጅቱ ዋጃ ላይ ምን ይዛ እንደተቀመጠች አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ዘይነባ ሻሿን አስተካከለች። ገበያ ቀን ነበር፣ ሰው በር ላይ ቆሟል። «ዛሬ ዘግቻለሁ» አለቻቸውና የሱቁን በር ሳበችው። ቁልፉን ሰጠችኝና እኔ ቆለፍኩላት። ወደ ቆቦ የሚወርድ ሚኒባስ አግኝተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። አውፍ ብላኝ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ቆቦ ስንደርስ ወረድኩ። መኪናው ወደ ሮቢት የሚሄድ ሰው እስኪሞላ ቆመ። መስኮቱ ክፍት ነበርና ዘይነባ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትናገር ሰማኋት።

«እማ፣ ቤት ነሽ?... ምንም አልሆንኩም። መንገድ ላይ ነኝ፣ ልመጣ ነው... የለም እማ፣ ዛሬ አልመለስም። አንቺ ጋ ነው የማድረው።»